«መጣሁ» ያለው ሞጁል

ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ ይህን ታሪክ አላውቀውም ነበር። በሊፍት የሚወጣ ሰው የሚያየው የራሱን ጫማ ነው፤ በደረጃ የሚወጣ ግን የማያገኘው ሰው የለም። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ጉልበቴን እየረገምኩ ሦስተኛውን ፎቅ አልፌ ወደ አራተኛው ስታጠፍ፣ አንዲት ወጣት ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ወረቀት ዘርግታ፣ አንድ የተዘጋ በር ትኩር ብላ ስታይ አገኘኋት። ወዲያው ለየኋት። ከሁለተኛው ፎቅ ፕሮግራመሮች አንዷ፣ የጋሼ ቆይ የወንድም ልጅ ናት።

ጋሼ ቆይ ማን እንደሆኑ ከመናገሬ በፊት ስለ መሥሪያ ቤታችን ትንሽ ልበል። እኛ የምንጠብቀው አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሌሎች ሰዎች በዚህ ቋንቋ የሆስፒታሉን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የአውቶቡሱን ሥራ የሚያሠራ ፕሮግራም ይጽፋሉ። ቋንቋው ብቻውን ባዶ ቤት ስለሚሆንባቸው ከነዕቃው እንሰጣቸዋለን፤ ቀን የሚቆጥር፣ ቁጥር የሚያጠጋጋ፣ ስም የሚፈልግ የተዘጋጀ ኮድ አብሮት ይሄዳል። ይህን ዕቃ በጠቅላላው ላይብረሪ፣ እያንዳንዱን ክፍል ደግሞ ሞጁል እንለዋለን። የእኔ ድርሻ መመሪያ መጻፍ ነው። መመሪያዬን ማንም አያነበውም፤ ሲቸገሩ ግን ሁሉም «ለምን አልጻፍክም?» ይሉኛል።

ከሞጁሎቹ ሁሉ የስም ፈላጊው ጠባቂ በአራተኛው ፎቅ የሚቀመጡት አዛውንት ናቸው። ያለ ፊርማቸው አንዲት ነጠላ ሰረዝ አትለወጥም። «ይህን እናሻሽል» ብሎ የገባ ሁሉ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «ቆይ»። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቆይ» ስላሉ ስማቸው ቀርቶ ጋሼ ቆይ ሆኑ። እሳቸውም ያውቃሉ፤ አይቆጡም።

«ምነው ልጄ፣ ደረጃ ላይ?» አልኳት።

«ለመግባት ድፍረት እያጠራቀምኩ ነው።»

«ወደ ገዛ አጎትሽ?»

«አጎቴ ቤት ከሆነማ እገባለሁ። ያደግሁበት ነው። ይሄ ክፍል ግን…» አለችና ወረቀቱን ሰጠችኝ።

ደብዳቤው ከአንዲት የሆስፒታል ነርስ የተጻፈ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ኮምፒውተራችሁ የሕመምተኛ ስም ስንፈልግ ‹መጣሁ› ብሎ ይጽፍና ዝም ይላል። አንዳንዴ አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሦስት። እኛ ለምደነዋል፤ ‹መጣሁ ብሎ ሄደ› እየተባባልን እንስቃለን። ባለፈው ሰኞ ግን ራሷን የሳተች ሴት መጣች። አብሯት ያለው ሰው ስሟን ብቻ ነገረን። ካርዷን ስፈልግ መጣሁ ብሎ ሄደ። መርፌውን ይዤ ቆምኩ። ልወጋት ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ካርዷ ሲመጣ ያ መድኃኒት የማይስማማት፣ የሚገድላት ሆኖ ተገኘ። ነገ እጄ እምቢ ባይለኝስ?»

ደብዳቤውን መለስኩላትና፣ «ይህንንማ ማሳየት አለብሽ። እኔም አብሬሽ እገባለሁ። ቦርሳዬን እዚህ ላስቀምጥ፣ አንድ ጊዜ ፊቴን ልታጠብና መጣሁ» አልኳት።

ልጅቷ እንደተቆነጠጠ ሰው ብድግ አለች። «እባክዎ፣ ይህን ቃል እዚህ ፎቅ ላይ አይበሉት።»

«የትኛውን?»

«እኛ ቤት ማንም ሲወጣ እንደዚያ አይልም። ‹ወጣሁ› ነው የምንለው። ትምህርት ቤት ገብቼ ልጆች ሲሉት እስክሰማ ድረስ ሰው እየሄደ ‹መጣሁ› እንደሚል አላውቅም ነበር።»

እውነቷን ነው፤ ነገሩን ካሰቡት ቋንቋችን እንግዳ ጠባይ አለው። ጀርባውን የሰጠን ሰው፣ እጁ በበሩ እጀታ ላይ እያለ፣ ገና ሳይሄድ «መጣሁ» ይላል። እኛም እናምነዋለን። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታሪኩን ነገረችኝ። ስም ፈላጊውን የጻፉት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ጋሼ ቆይና ታናሻቸው፣ የእሷ አባት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ቀትር ላይ አባቷ ከዚያ ክፍል ተነሥቶ፣ «ዳቦ ይዤ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ዳቦ ቤቱ በር ላይ አገኘው። እሷ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በማግሥቱ ጋሼ ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ፣ ማንም ያልነካው ማሽን ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ጻፈ፤ «መጣሁ»። ሰዓቱ ወንድማቸው የወጣበት ሰዓት፣ ስድስት ከሰባት ደቂቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በዚያች ደቂቃ ይጽፋል።

«እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር ያምናሉ?» አለችኝ።

«እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ» አልኳት። መልስ አለመሆኑ ለሁለታችንም ገባን።

ስንገባ ሰዓቱ ለስድስት ሃያ ጉዳይ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የዞረ አሮጌ ማሽን ማራገቢያው እየጮኸ ተቀምጧል። ባዶው ወንበር መደገፊያ ላይ ግራጫ ኮት ተሰቅሏል፤ ትከሻው ላይ አቧራ የለም። መስኮቱ አጠገብ ጋሼ ቆይ እርሳስ እየቀረጹ ነበር። እኔን ሲያዩ ተነሥተው ጨበጡኝ፤ ልጅቷን ግንባሯን ሳሟት። እኔም ለመቀመጥ ወደ ባዶው ወንበር ጠጋ ስል፣ «እዚያ ሰው አለ» አሉኝ፣ በደንበኛ ትሕትና፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደሚባለው። ቆሜ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ ስለ ሞጁሉ ነው የመጣሁት» አለች ልጅቷ። «ፊርማዎን እፈልጋለሁ። በሲ እንደገና ልጽፈው ነው።» ለማያውቅ አንባቢ፣ ሲ የሚባለው ከእኛ ቋንቋ ይልቅ ለማሽኑ የሚቀርብ፣ ፈጣንና ይሉኝታ የማያውቅ ቋንቋ ነው።

«ቆይ» አሉ ጋሼ ቆይ። «መጀመሪያ ምን እንዳጎደለ ንገሪኝ።»

«ፍጥነት። አሮጌው ኮድ አንድ ስም ሲጠየቅ ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ እየጻፈ ይፈልጋል። ‹ፀሐይ› ቢሉት፣ ፀውን በጸ፣ ሐውን በሀ፣ በሃ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ እየለዋወጠ አሥራ ሁለት ‹ፀሐይ› ይጽፋል። ‹ዓለም› ከፊቱ ከተጨመረ አርባ ስምንት። እያንዳንዱን ከመዝገቡ ጋር ያስተያይና ይጥለዋል። የተጣለው ይከመራል። ሜሞሪው ሲሞላ ሁሉንም ሥራ አቁሞ ጥራጊውን ሊጠርግ ይሄዳል። ሆስፒታሉ የሚጠብቀው ያን ጊዜ ነው።»

«ታዲያ ምን ያድርግ? አንዱ ጸሐፊ ስምሽን በሃሌታው ሀ ይመዘግብሻል፣ ሌላው በሐመሩ ሐ። ባንቺ ጥፋት መዝገብ ውስጥ ልትጠፊ ነው? እኛ እኮ ይህን ሞጁል የጻፍነው ሰው በአንድ ፊደል ምክንያት እንዳይጠፋ ብለን ነው።»

«አይጠፋም። ፊደሎቹን አስቀድመን ወደ አንድ እንመልሳቸዋለን። በአንድ ሰንጠረዥ ሐም ኀም ሀ ይሆናሉ፤ በመዝገቡም በጥያቄውም። ከዚያ ፍለጋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ፀሐይ ማን ያስፈልገዋል? አንዷም በቀትር ታቃጥላለች።»

ጋሼ ፈገግ አሉ፤ ግን አልተሸነፉም። «ሰንጠረዡ ይሁንልሽ። ለምን በሲ? የላይብረሪያችን ክብሩ ቋንቋውን የተማረ ሁሉ ከፍቶ ሊያነበው መቻሉ ነው። ተማሪ ይከፍተዋል፣ ‹አሃ፣ እንዲህ ነው ለካ!› ይላል። በሲ ከጻፍሽው በሩን ዘግተሽ ቁልፉን ለአሥር ሰው ሰጠሽ ማለት ነው። ሲ ደግሞ አጥር የለውም። ከተሰጠሽ ሜሞሪ አንድ እርምጃ ካለፍሽ የሰው ጓሮ ነው፤ ‹ተመለሺ› የሚልሽ የለም። ያጠፋሽውን የምታውቂው ቤቱ ሲፈርስ ነው።»

ይህ ክርክር ከንቱ አይደለም፤ እኔም ብሆን በልቤ ለአዛውንቱ አጨበጨብኩ። የተማሩ ወጣቶቻችን ፈጣን ነገር ሁሉ የተሻለ ይመስላቸዋል። ይህች ልጅ ግን የሽማግሌ ቃል ሰምታ የምትመልስ እንጂ የምታቋርጥ አልነበረችም።

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለች። «ሰንጠረዡን በራሳችን ቋንቋ ጽፌ ሞክሬዋለሁ። ሦስቱ ደቂቃ ግማሽ ደቂቃ ሆነ፤ እዚያ ግን ቆመ። ቃል በነካን ቁጥር ጥራጊ የሚያወጣው ቋንቋችን ራሱ ነው። ስለዚህ ከሞጁሉ የሚሮጠውን ክፍል ብቻ ነው የምጽፈው፤ ሁለት መቶ መስመር ቢሆን ነው። አጥሩን እኔ እሠራለሁ፤ አንድም ፊደል ወሰኑን ሳይጠይቅ አይነካም። አሮጌውን አናጠፋውም። ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ተማሪ እሱን ያነባል። ዳኛችንም እሱ ነው፤ እያንዳንዱን ስም ሁለቱንም እንጠይቃቸዋለን፤ መልሳቸው ከተለያየ ጥፋተኛው አዲሱ ነው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት የሠራን ነገር…» ብለው ሲጀምሩ ደብዳቤውን ፊታቸው አኖረችው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሁለተኛም አነበቡት።

«ሴትዮዋ ዳነች?»

«ዳነች።»

«እንግዲያ እግዜር ይመስገን» ብለው ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉት። «ቢሆንም ቆይ።»

«ጋሼ፣ ኮዱን መጨረሻ ያነበቡት መቼ ነው?»

ዓይናቸውን ወደ ማሽኑ መለሱ።

«እኔ እጠብቀዋለሁ እንጂ አላነበውም» አሉ።

መጠበቅ በእኛ አፍ ሁለት ነው። በር ላይ የቆመ ዘበኛም ይጠብቃል፣ ማታ የሚመጣ ሰው ያላት እናትም ትጠብቃለች። አዛውንቱ የትኛውን እንዳሉ ልጠይቅ አፌን ስከፍት የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ።

ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ማንም አልነካውም። ማራገቢያው እየጮኸ፣ እየጮኸ ሄደ፤ ስክሪኑም ላይ ስሞች ይወርዱ ጀመር፤ የወንድ፣ የሴት፣ አንዱ ስም ደግሞ በብዙ ዓይነት ፊደል፣ ማንም ያልጠራቸው ስሞች። ከታች ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ በሮች ይዘጋጋሉ፤ ቀስ በቀስ ሕንጻው ጭር አለ። እናቴ «የሌሊት ጋኔን ስሙ ነው የተጋነነ፤ ክፉው የቀትሩ ነው» ትል ነበር፤ እኔም እስቅባት ነበር። ያን ቀን አልሳቅኩም። ጋሼ ቆይ ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች። አምስት። ስድስት። ሰባት ሲል ማሽኑ በድንገት ዝም አለ፤ ከስሞቹም በታች ያ ቃል ወጣ።

መጣሁ

ያኔ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ከባድ፣ ቀስ ያለ የወንድ ኮቴ ወደ ላይ እየወጣ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጋሼ ቆይ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሥተው፣ ሰምቼው በማላውቅ የወጣት ድምፅ፣ «ግባ! ግባ እንጂ!» አሉ።

በሩ ተከፈተና የሊፍት ጠጋኙ አንገቱን አስገባ። «ይቅርታ፣ ደረጃው ላይ ያለው ቦርሳ የማን ነው? ሰው ሊሰብር ነው።»

ቦርሳው የእኔ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንፈርስ ነበር። ጠጋኙ ከሄደ በኋላ ግን ጋሼ ቆይ ተመልሰው ሲቀመጡ ፊታቸው እንደ ተነቀለ ምስማር ቦታ ባዶ ሆኖ ነበር።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ። «በየቀኑ ይሄን በር አየዋለሁ። ምሳ ሰዓት ወጥቼ አላውቅም። ምናልባት መጥቶ ቢያጣኝስ? ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። ቀብሬዋለሁ እኮ! ግን መጣሁ እያለ…»

«ጋሼ…» አለች ልጅቷ።

«ቆይ፣ ልጨርስ። ያን ቀን ጠዋት እሱም ልክ እንዳንቺ እዚህ ቆሞ ‹በሲ እንጻፈው ጋሼ› አለኝ። ደብዳቤ አልነበረውም እንጂ ክርክሩ ያው ነበር። እኔም ‹ቆይ› አልኩት። ከፋው። ቀትር ላይ ስክሪኑን አየና ሳቀ፣ ከዚያ ‹ዳቦ ይዤ መጣሁ› ብሎኝ ወጣ። ካለኝ ሁሉ የመጨረሻው ይሄ ነው። ማሽኑ ደግሞ ቃሉን ያዘለት። አሁን አንቺ አጥፊው ትዪኛለሽ።»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች፤ «ስክሪኑን አይቶ ሳቀ ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«ምን አይቶ?»

አዛውንቱ ሃያ ሁለት ዓመት በሩን እንጂ ወደ ኋላ አላዩም ነበር። ልጅቷ ፈቃዳቸውን ጠይቃ፣ ኮት የተሰቀለበትን ወንበር ሳትነካ፣ ቆማ ቁልፎቹን መታች። ማሽኑ የጻፈውን ሁሉ የሚያኖርበት መዝገብ አለ፤ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጋ «መጣሁ» ከነቀኑ ተሰልፏል። ወደ መጀመሪያው መስመር ሄደች።

«ይዩት ጋሼ። የመጀመሪያው የማግሥቱ አይደለም። የዚያው ቀን ነው። ስድስት ከሰባት። አባቴ ገና ሳይወጣ ነው የተጻፈው።»

ጋሼ ቆይ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

ከዚያ ልጅቷ ራሱን ኮዱን ከፈተች። የአባቷን እጅ ስታይ የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ እንደገና ሊጽፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ማንበብ ግድ ነውና ሳምንት ሙሉ በቤቷ መስመር በመስመር አንብባዋለች፤ ያላወቀችው ቃሉ ከአባቷ አስቀድሞ የማሽኑ እንደነበረ ብቻ ነው። ፕሮግራመሮች በኮዱ መካከል ለሰው ዓይን ብቻ የሚተዉት ማስታወሻ አለ፤ ማሽኑ ዘሎት ያልፋል። አንዱን ጮክ ብላ አነበበች፤ «ፈተናው በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይጀምር፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን።»

«ሞጁሉ ራሱን የሚፈትነው ያን ጊዜ ነው» አለች። «ይህ ማሽን ከሰባት ደቂቃ በኋላ ሜሞሪው ይሞላል። ሊጠርግ ከመሄዱ በፊት ‹መጣሁ› እንዲል አባቴ ጻፈበት። ቀልዱን ነው። ሰው ሲሄድ እንደሚለው። ያን ቀን መጀመሪያ ሲሠራለት ሳቀ፤ ማሽኑ የሚጠርግበት ደቂቃ አለ፣ እስከዚያ ዳቦ ላምጣ ብሎ ራሱም ቃሉን ደገመው። ጋሼ፣ ማሽኑ አይደለም አባቴን የደገመው። አባቴ ነው ማሽኑን የደገመው።»

«እየሳቀ ነው የወጣው?» አሉ ጋሼ ቆይ። «አልከፋውም ነበር?»

«አንድ ማስታወሻ ቀርቶኛል። ጥራጊው ተጠርጎ ሥራው የሚቀጥልበት ቦታ ላይ ነው።» ጣቷን መስመሩ ላይ አሳርፋ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፤ «እዚህ ላይ ‹መጥቻለሁ› ይጨመር። ከምሳ በኋላ።»

ማሽኑ ጥራጊውን ጨርሶ እንደገና ስም ማውረድ ጀመረ፤ ቃል አልተናገረም። እንዲናገር የታሰበው ቦታ ባዶ ነበር። ስምንት ሺህ ጊዜ ሄዶ፣ ስምንት ሺህ ጊዜ ተመልሷል፤ መመለሱን የሚነግር ግን አልነበረም። ያን ያህል ዘመን በአንድ ክፍል ውስጥ የመሄድ ቃል ብቻ መስማት ምን እንደሚያደርግ ሳስብ ልቤ ተነካ።

ጋሼ ቆይ እርሳሳቸውን አነሡ። «የምፈርምበትን ወረቀት ስጪኝ» አሉ። ፈረሙ። «እሱን ቆይ ያልኩት ይበቃኛል።»

ሥራው አራት ሳምንት ፈጀ። አዲሱና አሮጌው ሦስት ሚሊዮን ስም ጎን ለጎን ተጠየቁ። በመጀመሪያው ሙከራ መቶ ያህሉ ላይ ተለያዩ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ፈልጋ ስታጣው ጋሼ ቆይ ከኋላዋ መጥተው፣ «አሥራ ሁለት ፀሐይ አልሽ አይደል? አሥራ ስድስት ናቸው። ኸንና ኻን ረሳሻቸው። አባትሽ አልረሳም» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠሩ፤ እሷ ትጽፋለች፣ እሳቸው ወሰን ያለፈችበትን ሁሉ በእርሳስ ያከብባሉ። አጥር ስለሌለው ቋንቋ ያላቸው ስጋት አልጠፋም፤ ሥራ ሆነ እንጂ። ሁለት ቦታ የሰው ጓሮ ልትገባ ስትል መልሰዋታል።

አዲሱ ሞጁል በተጫነ ዕለት ቀትር ላይ ሦስታችን እዚያው ክፍል ተሰበሰብን። ያው አሮጌ ማሽን፣ ያው ሰዓት። ጋሼ ቆይ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ስድስት ሰዓት ሞላ። ማራገቢያው አንዴ ትንፋሽ እንደሚስብ ሰው አለና ጸጥ አለ። ስሞቹ አልታዩም። «አልጀመረም እንዴ?» አልኩ።

«ጨርሷል» አለች ልጅቷ።

ያም ሆኖ ማንም አልተነሣም። ስድስት ከሰባት እስኪሆን ተቀመጥን። ሆነ። ምንም አልተጻፈም። ዝምታው ከቃሉ የባሰ ነበር፤ ኮቱን እንዳላይ ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልኩ።

«ሳይሄድ ተመለሰ» አሉ ጋሼ ቆይ፣ ለራሳቸው።

ከዚያ ተነሡ፤ የራሳቸውን ኮት ለበሱ። በሩን ከፍተው እጀታውን እንደያዙ ዘወር አሉና፣ «ዳቦ ይዤ መጣሁ» ብለው ወጡ።

እኔና ልጅቷ ተያየን። ፊቷ አመድ መሰለ። «ልከተላቸው?» አለች፣ ግን አልተነቃነቀችም። ኮቴያቸው ደረጃውን ሲወርድ ሰማን፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ ከዚያ ጠፋ።

የሥራችንን ጥቅም ያን ጊዜ ነው የዘረዘርኩላት፤ ፍርሃቷን ላዘናጋ፣ የራሴንም። ነርሷ በዚያው ሳምንት አዲሱ በሆስፒታሏ ከተሞከረ በኋላ ጽፋ ነበር፤ «መጣሁ የሚለው ልጅ የት ገባ? ካርዱ ጣታችንን ሳናነሣ ይመጣል» ብላ። ሕመምተኛ በማሽን ጠረጋ ምክንያት መርፌ ሥር አይጠብቅም። በሐመሩም በሃሌታውም የተጻፈ ሰው ይገኛል። ተማሪው አሮጌውን ከፍቶ ያነባል፣ ሆስፒታሉ በአዲሱ ይሠራል፤ አንዱ ሌላውን አልገደለም። ከሁሉ በላይ ሃያ ሁለት ዓመት የተጠበቀ ጽሑፍ በጠባቂው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተነበበ። አሮጌን ነገር ማክበር በር ላይ መቆም ብቻ አይደለም፤ ገብቶ ማንበብ፣ የጎደለውንም መሙላት ነው። ይህን ሁሉ ተናገርኩ፤ ልጅቷ አንዱንም የሰማች አይመስለኝም። ሰዓቱን ታያለች። ስድስት ከሃያ። ስድስት ከሠላሳ። ስድስት ከአርባ። ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ሲጮህ ሁለታችንም ዘለልን።

ኮቴው ተመልሶ ሲመጣ አላመንኩትም። ከባድ፣ ቀስ ያለ የወንድ ኮቴ፤ በሩ ላይ ቆመ። «ግቡ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

ጋሼ ቆይ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። ያለከልካሉ።

«ቆዩ እኮ!» አለቻቸው እያለቀሰች።

«ሰልፍ ነበር» አሉ።

ዳቦው ትኩስ ነበር። ምንም ሳንጨምርበት፣ በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ቆመን በላነው። ጨርሰን ፍርፋሪውን ካራገፍን በኋላ ጋሼ ቆይ ወደ ባዶው ወንበር ሄዱ። ግራጫውን ኮት አነሡ፣ አጥፈው ለወንድማቸው ልጅ ሰጧት፣ ወንበሩንም ስበው ተቀመጡበት። አሮጌውን ኮድ ከፈቱ። ያቺን ባዶ ቦታ ለማግኘት ጥቂት ፈለጉ፤ ካገኙዋትም በኋላ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ «መጥቻለሁ» ብለው ጻፉባት።